የኖራ ውሃው ስልባቦት

ባለፈው ሰሞን ግድግዳ ልንቀባ ኖራ በጥብጠን ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ ብዬ ከላይ የጠለለውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁና መስኮት ላይ ረሳሁት። በማግስቱ ሳየው ከላይ ስስ ነጭ ነገር ይዟል፤ ቁርጥ የወተት ስልባቦት! እናቴ "አቧራ ነው፣ ድፋውና ብርጭቆዬን እጠብ" አለችኝ።

አቧራ አይደለም እማዬ። ከ10,000 የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 4 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። እነሱ ውሃውን ሲነኩ የሟሟው ኖራ እዚያው አፋፉ ላይ ይይዛቸውና ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናሉ፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራበት ማለት ነው። ወደ ታች የመውረድ ፋታ የላቸውም፣ ለዚህ ነው ከላይ ብቻ የጋገረው። በስትሮ እፍ ካላችሁበት ግን ሁሉም ወተት ይመስላል፤ ትንፋሻችሁ ውስጥ ጋዙ ብዙ ነው፣ እያንዳንዱ አረፋ ደግሞ የራሱን ገጽ ይዞ ይገባል። (ወደ አፋችሁ እንዳትስቡት፣ ኖራ ያቃጥላል።)

እኔን የሚገርመኝ ይህን ውሃና አየር የሚገናኙበትን ገጽ ማጥናት እንዴት እንደሚያስቸግር ነው። ውፍረቱ ጥቂት ሞለኪውል ነው፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥልቀት ደግሞ በመቶ ሚሊዮኖች ሞለኪውል ስለሚቆጠር ልለካ ስትል የምታየው እሱን ነው። ጥሩ መሣሪያዎች የሚሠሩት አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው፣ እዚያ ውሃ ብታስገባ ወዲያው ይተናል። ማንፍሬድ ፋውበል የሚባል ጀርመናዊ በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) መላ አገኘ፤ ውሃውን ከፀጉር በቀጠነች ቀዳዳ በፍጥነት ረጨው፣ ተንኖ ሳያልቅ የሚለካውን ለካ። በ1993 ደግሞ በጨረር ያዩት ሰዎች ገጹ ላይ ካሉት የውሃ ሞለኪውሎች ሩብ ያህሉ አንድ ሃይድሮጅናቸውን ወደ አየር ቀስረው እንደሚቆሙ አገኙ። እንደ እጅ አውጪ ተማሪ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ጉም ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ። ጉም እኮ ጠብታ ነው፣ ጠብታው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከመጠኑ አንጻር ገጹ ሰፊ ነው። የሰልፈር ጋዝ ያለበት ጭስ ሲያገኘው ጋዙ በዚያ ገጽ ገብቶ ውስጡ አሲድ ይሆናል። የከባድ መኪና ጭስ እየታጠንኩ የኮምቦልቻን ዳገት ስወጣ የማስበው ይህንኑ ነው።

ብርጭቆው አሁንም መስኮቱ ላይ ነው። ስልባቦቱን በማንኪያ ገፈፍኩት፣ በማግስቱ ሌላ ሠራ። "አብሽሪ፣ ነገ እመልሳለሁ" ብያታለሁ፤ ይኸው ሳምንት ሞላኝ።