የአውራ ጣት አሻራ

«እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» አሉኝ መምህሩ፣ ገና ከባጃጁ ወርጄ እጃቸውን ሳልጨብጥ። የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ጠርቼ አራተኛው ላይ ቆምኩ። «ታዲያ ሰባት ቤት ሳትቆጥር እንዴት ልታገባ ነው?» ብለው ሳቁ። አግብቼ ሦስት ልጆች ወልጃለሁ። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስንጨዋወት ከርመናል፤ በአካል ስንገናኝ ግን የመጀመሪያችን ነው።

የተዋወቅነው እሳቸው የእናታቸውን ወገን ሲያፈላልጉ ነበር። የጋራ ወዳጃችን የእኔን ስልክ ሰጣቸው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ስለሆነ። ሁለት ቅዳሜ አንጎለላ ወርጄ ሽማግሌ ስጠይቅ ዋልኩ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት የአክስታቸውን ልጅ በሕይወት አገኘሁላቸው። ከዚያ ወዲህ «የአንተስ?» ማለታቸውን አልተዉም።

የእኔማ ነገር አጭር ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ናዝሬት ኖረው እዚያው ተቀበሩ ይባላል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። የአያቴ ከተማም ናዝሬት ከመስመሩ ጋር አድጋለች። ስሟ በዘመነ ንጉሡ ናዝሬት ተባለና ኋላ ወደ አዳማ ተመለሰ፤ ስለዚህ የድሮ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ናዝሬት ብሎ መጠየቅ አለበት። እኔም እንዲያ ብዬ ከዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ጠይቄ «እንዲህ ያለ ፋይል የለንም» ተብያለሁ። አልፈርድም። ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው የሚገኘው በሰው ነው።

ጉዞው ረጅም ነበር። አዲስ አበባ አድሬ በማግሥቱ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ወረድኩ። ከተማዋ መዳረሻ ላይ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ሲሽከረከሩ ሳይ ደግሞ ያ ሙቀትና አቧራ ትዝ አለኝ።

መምህሩ ግን ዝም ብለው አልጠበቁኝም። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእግራቸው ከእድር ወደ እድር ዞረው የባቡር ሠራተኞች የነበሩበትን አንዱን አግኝተዋል። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ «ለማያውቁት ሰው መዝገብ አናወጣም» ብለው ነበር። ያሸነፏቸው ጸሐፊዋ ናቸው። ለምን እንደተከራከሩልኝ ስጠይቃቸው «እኔም የአባቴን መንደር ስፈልግ ሰው በሩን ከፍቶልኛል» አሉና ቡና ለማፍላት ተነሡ።

መዝገቡ በስኳር ጆንያ ተጠቅልሎ ነው የመጣው፤ የወንጂ ማዳበሪያ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ሽፋኑ ጥግ ጥጉን አይጥ በልቶታል። ሰው ስለ እድር ሲያስብ ትዝ የሚለው ድንኳን፣ ወንበርና ጡሩምባ ነው፤ እኔም ከዚያ አላልፍም ነበር። ለካ እድር ለሞተበት አባል ገንዘብ የሚከፍል ስለሆነ ማን ማንህ ነው ብሎ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፦ አባት፣ እናት፣ ሚስት፣ ልጆች፣ ወንድምና እህት። እኛ ስንቆጥር ወንድ በወንድ ላይ ነው የምንደረድረው፤ እናቶች በመካከሉ ይወድቃሉ። እድር ግን ለእናትም ያስቀብራል።

መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጣታቸውን በገጹ ላይ ቀስ ብለው አወረዱ። «ይኸው» አሉ። የአያቴ ስም ከነአባታቸው ሰፍሯል። ከጎኑ ባለው ዓምድ «እናት» ከሚለው ሥር አንድ ስም አለ፤ በቤታችን ማንም ጠርቶት የማያውቅ ስም። እዚህ አልጽፈውም፤ ቀድመው መስማት ያለባቸው እህቶቼ ናቸው። ከገጹ ግርጌ፣ ፊርማ በሚለው ቦታ፣ ሐምራዊ ቀለሙ ወደ ቡናማነት የተለወጠ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መሐሉን ጠባሳ የመሰለ ነጭ መስመር ሰንጥቆታል። የራሴን አውራ ጣት አጠገቡ አስቀመጥኩ። የአያቴ በእጥፍ ይሰፋል። ጸሐፊዋ ስኒውን ከመዝገቡ ፈቀቅ አደረጉት እንጂ ምንም አላሉም።

ገንዘብ ልሰጥ እጄን ኪሴ ስከት መምህሩ ተቆጡ፤ ለእድሩ ግን ጥቂት ብር «ለድንኳን መጠገኛ» ተብሎ ተቀበሉኝ፤ ደረሰኝም ተቆረጠልኝ።

ማምሻውን መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት የታጠፈ ወረቀት አቀበሉኝ። «ወንጂ ያለች አንዲት ሴት ናት፤ አባቷ ከአንተ አገር ነው የመጣው። እኔም በደንብ አላውቃትም።» ከፍቼ አነበብኩት፤ ሦስት ስም፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ስም፣ ከሥሩም መሐል ሜዳ ይላል። መሐል ሜዳ ከደብረ ብርሃን ርቆ መንዝ ውስጥ ነው፤ ለእኔ ጎረቤት መስሏቸው ይሆናል፤ ለሰው ግን ይህን መንገር አያስፈልግም። ቅዳሜ በሌሊት መነሣት አለብኝ።