አደይን በወረቀት ላይ

ውድ ወዳጆቻችን፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ልጃገረዶች አደይና ለምለም ሣር ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ የሣሉትን አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ያ ሥዕል በማግስቱ ሲጣል እናዝናለን። አደይ ሜዳ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ በየካቲትም በግንቦትም መስከረምን የሚያስታውሰን ወረቀቱ ነው። አደይ በማይበቅልበት አገር ለሚያከብር ወዳጅማ ሜዳውም ጋራውም እሱው ነው።

የአትክልት ሥዕል ምን ያህል መታሰቢያ መሆን እንደሚችል ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ አሳይቷል። ዢቬርኒ በተባለች የፈረንሳይ መንደር በሚገኘው ግቢው ያስቆፈረውን ኩሬና የውሃ አበቦቹን ለዓመታት ሲሥል ኖረ። የአንደኛው ዓለም ጦርነት ተኩስ በቆመ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ ሁለት ሥዕሎች ለአገሩ ሊያበረክት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለክሌማንሶ ጻፈ። ስጦታው እያደገ ሄዶ ዛሬ በፓሪሱ ኦራንዥሪ ሙዚየም 8 ግዙፍ ሥራዎች ሆኗል። ወታደርም መድፍም የለባቸውም፤ ውሃ፣ አበባና አኻያ ብቻ።

ወደ አደያችን እንመለስ። ዘንድሮ ከልጆች ጋር የምትሥሉ ከሆነ፣ አንድ ዘለላ ፊታችሁ አስቀምጡና እያያችሁ ሣሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቅጠሉ ነው። ቢጫዎቹ የአበባ ቅጠሎች አብዛኛውን ጊዜ 8 ገደማ ናቸው፤ ግንዱ ላይ ያለው አረንጓዴ ቅጠል ግን ቀጭንና የተሰነጣጠቀ ነው። ሰፊ ካደረጋችሁት የሱፍ አበባ ይሆንባችኋል።

በውሃ ቀለም ከሆነ 300 ግራም የሚባለውን ወፍራም ወረቀት ምረጡ። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ በባለቀለም እርሳስ ሥሩ። ቢጫውን አስቀድሙ፤ ከዚያ ወረቀቱን በእጃችሁ ጀርባ ነካ አድርጉት። ከቀዘቀዛችሁ ገና አልደረቀም ማለት ነው፤ በዚያ ላይ አረንጓዴ ካስጠጋችሁ ቀለሞቹ ይቀላቀሉና የአበባው ጠርዝ ይጠፋል። ለጥላው ጥቁር አትጨምሩ፤ ጥቁር ቢጫውን ወደ አረንጓዴነት ይወስደዋል። ጥቂት ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ይበቃል።

ቢጫ በነጭ ወረቀት ላይ ስለሚደክም፣ ከበስተኋላው ጠቆር ያለ ሣርና የሩቅ ተራራ ሰማያዊ አግቡለት። ተራራው ደግሞ የምታውቁት ይሁን፤ እንጦጦ፣ ጉና ወይም ጮቄ። ትዝታ ቦታ ይፈልጋል፣ ከየትም ያልሆነ ጋራ ማንንም ወደ ቤቱ አይወስድም።

ሲያልቅ ከጀርባው የሣዪውን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጻፉ፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊት ሊሰርግ ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። በማርከር የተሣለው ቶሎ ስለሚደበዝዝ ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።

መልካም አዲስ ዓመት!