የዘጌዋ እናት አጥሚት

ታላቅ ወንድሜን ጋሼን ለአንገት ቀዶ ጥገና ይዤ ከደብረ ብርሃን ባሕር ዳር ወረድኩ። ጋሼ አናጢ ነው። ቀኝ እጁ ከትከሻው እስከ አውራ ጣቱ ሲነዝረው ከረመ፤ በኋላ ምስማር መያዝ ሁሉ አቃተው። ኤምአርአይ ሲነሳ በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የሚቀመጠው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል ተባለ። መድኃኒቱም ፊዚዮቴራፒውም አልያዘለትም።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያስመረረኝ ሌሊቱ ነው። በ800 ብር የያዝኩት ክፍል አጎበር የለውም። እኛ አገር ብርዱ ትንኝ አያስቀምጥም፤ እዚህ ግን ጆሮዬ ስር ስትጮህ ነጋ። ከታች ያለው ግሮሰሪም ሙዚቃውን እስከ ስምንት ሰዓት ለቆታል። በማግስቱ ወንድሙ ኦፕራሲዮን ለሚገባ ሰው ይህ ግፍ ነው።

ሐኪሙ «የምንገባው ከፊት፣ በጉሮሮ በኩል ነው» ሲለን ክው አልኩ። በማጅራት ይመስለኝ ነበር። ለካ የምግብና የአየር ቧንቧውን ገለል አድርገው ሲገቡ ህብለ ሰረሰሩን ሳይነኩ ዲስኩ ጋ ይደርሳሉ። ዲስኩ ወጥቶ በቦታው መደገፊያ ይገባል፤ አጥንቶቹ በብሎን ይታሰራሉ። እስኪጋጠሙ ወራት ይፈጃል።

ጋሼ ሲነቃ ጣቶቹን እያፋተገ «ለቀቀኝ» አለ፣ በሻከረ ድምፅ። መዋጥ ግን አልቻለም። እንደሚያጋጥም አስቀድመው ነግረውናል። ያመጣሁለት ፍትፍት እንዳለ ተመለሰ።

ጎናችን ካለው አልጋ ልጃቸውን የሚያስታምሙ የዘጌ እናት ነበሩ። ሳልጠይቃቸው ከፔርሙሳቸው ለብ ያለ የአጃ አጥሚት ቀዱ። «ቀስ እያልክ ልጄ፣ ትንሽ ትንሽ» እያሉ ራሳቸው በማንኪያ አጠጡት። አንገቱን የሚደግፈው ኮላር አገጩን ስለያዘው በከንፈሩ ጥግ ሲፈስ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። ብር ላውጣ ብል ተቆጡኝ፤ «ነውር አይደለም እንዴ! ለታማሚ ይሸጣል?» እኛ ጋ ሰው ደግ ነው፤ ግን እስኪላመድ ጊዜ ይወስዳል። እሳቸው ስማችንን እንኳ አልጠየቁም። በማግስቱም ይዘው መጡ።

ጣናን ያየሁት አንድ ከሰዓት፣ ጋሼ ተኝቶ ሳለ ነው።

ስንወጣ አንዱ ባለባጃጅ ኮላሩን አይቶ 400 ብር አለን። በሕመምተኛ መነገድ ያናድዳል። ሌላው በግማሹ ወሰደን። ጉብታ ባየ ቁጥር ቀስ ይልና «ጋሼ፣ ተሰማዎት እንዴ?» ይላል። ጋሼ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ስለታዘዘ ሻንጣዎቹን እስከ አየር ማረፊያው በር ያደረሰልን ይኸው ልጅ ነው።