እጄ የደሴ፣ ፊቴ የኪዮቶ

ጥፋቱ ሁሉ የፊልሙ ነው። "ሜምዋርስ ኦፍ ኤ ጌይሻ"ን ያያችሁ ያቺን ቦታ ታስታውሷታላችሁ፤ ጌይሻዋ ሳዩሪ (ጌይሻ ማለት በጭፈራና በሙዚቃ እንግዳ የምታጫውት ጃፓናዊት ናት) ያንን ከፍታው የሚያስፈራ ጫማ አድርጋ፣ በረዶ እየወረደባት ብቻዋን መድረክ ላይ ስትጨፍር። እኔ እሷን እየመለስኩ ሳይ ነው የከረምኩት። ጃፓን ለትምህርት ስመጣም ልቤ ያለው እዚያ ጫማ ላይ ነበር።

አብራኝ የምትማረዋ ጃፓናዊት ግን የፊልሙን ስም ሳነሳባት ሳቀች። "ዋናዋ ተዋናይት ዣንግ ዚዪ ቻይናዊት፣ ጎንግ ሊም ከቻይና፣ ሚሼል ዮህ ከማሌዥያ፣ ሰፈሩ ካሊፎርኒያ ላይ የተገነባ። ታዲያ ጃፓኑ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ጃፓናዊው ተዋናይ ኬን ዋታናቤ አለ፣ ትንሿ ልጅ የምትሮጥባቸው ቀያይ በሮችም የዚሁ የኪዮቶ ከተማው ፉሺሚ ኢናሪ ቤተ መቅደስ ናቸው ብዬ ተከራከርኳት። አልተረታችም። "በይ ነይ፣ እውነተኛውን ኪዮቶ ላሳይሽ" ብላ ይዛኝ ሄደች።

ኪዮቶ ውስጥ ገንዘብ ከፍላችሁ እንደ ማይኮ መልበስ ትችላላችሁ። ማይኮ ማለት ገና ተማሪዋ ጌይሻ ናት። ጭፈራውን፣ ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ፣ የሻይ ሥነ ሥርዓቱን ዓመታት ተምራ ነው ሙሉ ጌይሻ የምትባለው። እኛ ያንን ሁሉ ዘለን እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስነው።

አለባሿ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። መጀመሪያ ሰም ነገር ቀቡኝ፤ ከዚያ ነጩን ቀለም በሰፊ ብሩሽ ከግንባሬ እስከ ጀርባዬ ለቀለቁኝ። ሲቀዘቅዝ! ማጅራቴ ላይ ሁለት መስመር ሳይቀቡ ተዉት። የረሱት መስሎኝ በጣቴ ባሳያቸው ሳቁብኝ፣ ለካ ውበቱ እሱ ነው። ችግሩ ለሌላው ሰው የሚበቃው ቀለም ለእኔ አልበቃም። ራቅ ብለው ያዩኛል፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ተመልሰው ይደግሙኛል፤ ለበዓል ግድግዳ የሚያስውቡ ነው የሚመስሉት። ዊጉም ሹሩባዬ ላይ አልገባም ብሎ ሁለት ሰው ተረባርቦ ጫነው። እውነተኞቹ ማይኮዎች በራሳቸው ፀጉር ነው የሚሠሩት፤ እንዳይበላሽባቸውም አንገታቸውን ከፍ ያለ ጠባብ ትራስ ላይ አሳርፈው ይተኛሉ። (ሐመሮች ትዝ አሉኝ።) ወገቤን ሲያስሩኝ ደግሞ ትንፋሼ ቀጥ አለ። ያ ቀስ ያለ አረማመድ ጨዋነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አየር እጥረትም አለበት።

እጄን ግን አልቀቡኝም። እጄ የደሴ፣ ፊቴ የኪዮቶ ሆኜ ወጣሁ።

የጠረጠረ የለም! ቱሪስቱ ካሜራውን ይዞ ግር ብሎ መጣ። እውነተኛ ማይኮ በጠራራ ፀሐይ እየተንጎራደደች ፎቶ አትነሳም፤ አመሻሽ ላይ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ሽው ብላ ነው የምታልፈው። እነሱ ይህን የት ያውቁታል? አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ ዝቅ ብዬ እጅ ስነሳ ዊጉ ግንባሬ ላይ መጣ።

ከኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ በታች ሳንኔንዛካ የሚባል የድንጋይ ደረጃ አለ። የማይኮ ጫማ ደግሞ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው እንጨት ነው። ደረጃው መሀል ስደርስ እማዬ በኢሞ ደወለች። እኛ ጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እነሱ ጋ ከጠዋቱ ሦስት፤ ከቅዳሴ መመለሷ ነው። ሳላስበው በቪዲዮ አነሳሁት።

"በስመ አብ ወወልድ!"

ስልኩን ጣለችው። የሚታየኝ የሳሎናችን ኮርኒስ ብቻ ሆነ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ!"

"ድምፁስ የእሷ ነው" ስትል ይሰማኛል፣ ለአክስቴ። "ፊቱ ነው የማን እንደሆነ እንጃ።"

ላስረዳት ብዬ አንድ እርምጃ ሳነሳ እንጨቱ ከድንጋዩ ጠርዝ አመለጠኝ። "ወይኔ እናቴ!" እያልኩ በመቀመጫዬ ደረጃውን ወረድኩት። ካሜራው ሁሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። አንዱ ቱሪስት ለጓደኛው "ጃፓንኛዋ እንዴት ደስ ይላል!" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ጓደኛዬ እኔን ማንሳቱን ትታ አፏን ይዛ ቀረች። እዚያ ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ይሞታል ይባላል አለችኝ። ይሄ ከመውጣታችን በፊት አይነገርም? "አይዞሽ፣ መድኃኒት አለው" አለችኝ ቀጥላ፤ እታች ያለው ሱቅ ቅል ይሸጣል፣ ቅል የገዛ ክፉው አይነካውም።

እማዬ በዚያኛው ጫፍ ሁሉንም እየሰማች ነው። "ምንድነው የምትለው?" አለች። ነገርኳት። ዝም አለች፣ አሰበች።

"ስንት ነው ቅሉ?"

ዋጋውን በብር መትቼ ነገርኳት።

"ለቅል?! እንዳትገዢ! ጓዳ የአያትሽ ቅል ተሰቅሎ የለም እንዴ፤ ጠበል ሞልቼበት ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ። እስከዚያ ግን እባክሽ ልጄ፣ ፊትሽን ታጠቢ!"