እማዬን ይዤ በጆርጅታውን ቦይ ዳር

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ስነዳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በካናል ሮድ በቀን ሁለት ሦስቴ አልፋለሁ። ከመንገዱ በታች ዛፎቹ መሃል ያለውን ውሃ ግን አንድም ቀን ወርጄ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሚያዝያ እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች። በሳምንቷ ቤት መዋል ሰለቻት፤ "እግሬ ታሰረ" አለችኝ። እሁድ ጠዋት ይዣት ወጣሁ።

የጀመርነው ከጆርጅታውን ነው። መኪናዬን አቁሜ በሠላሳኛው ጎዳና ወደ ቦዩ ወረድን። ወዲያው የኤም ስትሪት ጫጫታ ጠፋ። ግራና ቀኝ የድሮ የጡብ ቤቶች፣ መሃል ላይ ጠባቡ ቦይ፣ ድሮ ጀልባዎች ዕቃ ጭነው ይሄዱበት የነበረው ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ።

የውሃ በሩ ጋ ቆም አልን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ወደ ላይ የምትሄድ ጀልባ በድንጋይ ወደተገነባ ገንዳ ትገባለች፣ ከኋላዋ በሩ ይዘጋል። ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ከፍ ትላለች፣ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። ቦዩ እንዲህ ያሉ 74 በሮች ነበሩት፤ ጀልባዎቹን ደረጃ በደረጃ እያወጡ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ድረስ ያደርሱ ነበር። ርቀቱ ወደ 297 ኪሎ ሜትር ነው። ቁፋሮው በ1828 ተጀምሮ በ1850 አለቀ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የሚጫነው በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል፣ የሚጎትቱት ደግሞ በቅሎዎች ነበሩ።

"በቅሎ?" አለች እማዬ። ቡልጋ ነው ያደገችው፤ በቅሎ ታውቃለች። በፈረቃ እንደሚጎትቱ፣ ተረኛ ያልሆኑት ጀልባው ላይ ባለ በረት ውስጥ እንደሚያርፉ ስነግራት ፊቷ ፈካ። "ደግ አደረጉ። በቅሎም ይደክማታል።" ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ገመድ ሲፈትገው የቦረቦረው መስመር አለ። ጎንበስ ብላ ጣቷን አስገባችበት። ልክክ አለ።

እዚያው አካባቢ የዊልያም ኦ. ዳግላስ ሐውልት አለ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። በ1950ዎቹ ቦዩን ተከትሎ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። እሳቸው በ1954 ሐሳቡን የደገፈውን ጋዜጣ አዘጋጆች "ኑ አብረን በእግር እንሂድ" ብለው ጋበዙና ሙሉውን መንገድ ተጓዙት። የመኪናው መንገድ ቀረ፤ በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከአስፋልት ነው። ቢሆንም ሐውልቱ ፊት ቆሜ ከልቤ አመሰገንኳቸው።

ኪ ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ በኋላ ከተማው አለቀ። በግራ ከታች ፖቶማክ ወንዝ፣ በቀኝ ቦዩ፣ እኛ መሃል ላይ በበቅሎዎቹ የአፈር መንገድ። ውሃው ውስጥ የወደቀ ግንድ ላይ ኤሊዎች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እማዬ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንድ።

ስህተቴን እዚህ ልናገር። ካርታው ላይ ፍሌቸርስ ኮቭ እስከሚባለው ወንዝ ዳር ያለ የዓሣ ማጥመጃ ቦታ ወደ 4 ኪሎ ሜትር አየሁና "አጭር ናት" አልኳት። መመለሻውን አላሰብኩም። ሽማግሌ ይዞ የሚወጣ ሰው ደርሶ መልሱን ነው መቁጠር ያለበት። ጫማዋንም አላየሁም፤ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን ነው ያደረገችው። ከሁለት ቀን በፊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ላይ ጭቃ አለ። መሃል ላይ ደግሞ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ፍሌቸርስ ኮቭ እስክንደርስ ተጨነቀች። ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፣ ዓሣ አጥማጆቹን እያየች። በዚህ ወቅት ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዙ ይወጣል።

መመለስ አልቻለችም፤ መኪና ጠራሁ። የመጣው የእኛው ልጅ ነው። "ይግቡ እናቴ" ብሎ ደግፎ አስገባት። ከየት እንደመጣን ስነግረው "እኔም ሁልጊዜ ከላይ ነው የማልፈው" አለኝ።

በሳምንቱ ደግመን ሄድን። አሁን መኪናውን ያቆምኩት እዚያው ፍሌቸርስ ኮቭ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ መጸዳጃውም ቅርብ ነው። ስኒከር ገዛሁላት፣ ውሃና ቆሎ ያዝን። ወደ ከተማው አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት ሄደን ተመለስን። ኤሊዎቹን እንደገና ቆጠረች። አሥራ አራት ሆነዋል።