በርካሽ የገዛሁት ትንሽ የጀልባ ሞተር፦ አመራረጡና አያያዙ

ውሃ ላይ የሚያርፈው አካሏ ሦስት ሜትር ያህል ለሆነች ቀላል ጀልባ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ፣ ራሴ እየፈታሁና እየገጠምኩ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። ከዚህ ሥራ የተማርኩትን ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ርካሽ ሞተር ሲመረመር መጀመር ያለበት ከእግሩ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከሚጠልቀው የታችኛው ክፍሉ ነው። አብዛኛው ገዢ ክዳኑን ከፍቶ የሞተሩን ራስ ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል። ይሁንና ከራሱ በኩል የሚታዩት ጉድለቶች ብዙዎቹ ካንዴላ በመቀየር፣ የቤንዚን ቱቦ በመተካት ወይም ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ክፍል) በማጠብ የሚስተካከሉ ሲሆኑ፣ እግሩ ውስጥ ያሉት የማርሽ ሳጥንና የፕሮፔለሩ (ውሃውን እየቀዘፈ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ) ዘንግ ከተበላሹ ግን የመለዋወጫው ወጪ ብቻውን ሞተሩ ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ጉልበቱ ብዙ አልተጨነቅሁም። ውሃውን እየገፋ የሚሄድ ጀልባ የፍጥነቱ ጣሪያ የሚወሰነው ውሃ ላይ በሚያርፈው ርዝመቱ ነው፤ ለሦስት ሜትር ይህ ጣሪያ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀልባው ከውሃው ብድግ ብሎ በገጹ ላይ ካልተንሸራተተ በስተቀር፣ ከዚያ በላይ የሚጨመር ጉልበት ቤንዚን ከመፍጀትና ማዕበል ከማስነሳት ያለፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 የፈረስ ጉልበት ለእኔ በቂ ነበር። በጥንቃቄ የለካሁት የእግሩን ርዝመት ነው። አጭር እግር የሚባለው 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅም የሚባለው ደግሞ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ትክክለኛው የሚታወቀው ሞተሩ ከሚሰቀልበት የኋላ ሰሌዳ ጫፍ እስከ ጀልባው ወለል ያለውን ቁመት በመለካት ነው። ሞተሩ ሲሰቀል ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ሆኖ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። እግሩ ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ በከንቱ ይጮኻል፤ ከረዘመ ደግሞ ጀልባውን ወደ ኋላ ይይዛል፣ ጥልቀት በሌለው ቦታም መሬት ይነካል።

ከዚያ በኋላ ምርጫው በሦስት ዓይነት ሞተሮች መካከል ሆነ። አንደኛው በአየር የሚቀዘቅዘው አዲስ ርካሽ ሞተር ነው፤ የውሃ ፓምፕ ስለሌለው አሠራሩ ቀላል ነው፣ ድምፁ ግን ከባድ ነው፣ ለአንዳንዶቹም መለዋወጫ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ዓይነት ነው። ክብደቱ ቀላል፣ አካሉም ጥቂት በመሆኑ ለመጠገን የሚመች ቢሆንም፣ ካርቡሬተር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ከፊሉን ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ወደ ውሃው ስለሚያስወጣ ልቤ አልወደደውም። የወሰድኩት ሦስተኛውን፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት የሆነ፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ተለይቶ ለብቻው የሚቀመጥ ያገለገለ ሞተር ነው። የአምራቹን ስም ያየሁት ለክብሩ ሳይሆን ለመለዋወጫው ስል ነው። ኢቪንሩድ ለምሳሌ ከ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ስም ቢሆንም ምርቱ በ2020 ቆሟል። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ትናንሽ የመርኩሪ ሞተሮች ከቶሃትሱ ጋር በጋራ የሚሠሩ በመሆናቸው የአንዱ መለዋወጫ ብዙ ጊዜ ለሌላው ይሆናል፤ ይህን የሚያውቅ ገዢ አማራጩ ይሰፋለታል።

ሻጩን አስቀድሜ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስክደርስ ድረስ ሞተሩን እንዳያስነሳው። የሞቀ ሞተር በቀላሉ ይነሳል፤ የካርቡሬተር ችግር የሚገለጠው በቀዝቃዛው ነው። ስደርስ በእጄ ዳስሼ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጥሁ፤ ከዚያም ወደ እግሩ ወረድኩ። በማርሽ ሳጥኑ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን በሻጩ ፈቃድ ጥቂት አላላሁትና የወጣውን ዘይት ጣቴ ላይ አየሁት። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውሃ መግባቱን፣ ማለትም ፓራዮሊዮው (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ወይም የብሎኑ ጓርኒሲዮን (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ማሸጊያ) መበላሸቱን ያሳያል፤ ከዘይቱ በፊት ንጹሕ ውሃ ከወጣም ትርጉሙ ያው ነው። ዘይቱ ውስጥ የብረት ፍንካች ካለ ድርድሩን ማቆም ይሻላል። ጥቂት ግራጫ ዱቄት የመሰለ የብረት ብናኝ ግን ማርሽ ሲፋተግ የሚወጣ በመሆኑ አያስደነግጥም። ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅሁት፤ ዘንጉ ከተላወሰ ኩሽኔታው (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። የዓሣ ማጥመጃ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ፓራዮሊዮውን ስለሚቆርጠው እዚያም ማየት ያስፈልጋል። በመጨረሻም የብሎኖቹን ራስ ተመለከትኩ፤ ጠርዛቸው የተበላ ብሎኖች ከዚህ በፊት ያለ ተገቢው ቁልፍ የታገለ ሰው እንደነበረ ይናገራሉ።

ሞተሩን ያስነሳነው ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነው፤ በርሜሉ የውሃ መሳቢያዎቹን በደንብ እስኪሸፍን መሞላት አለበት። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተርን ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ በደረቁ ማስነሳት የፓምፑን ጎማ ስለሚያቃጥለው፣ ‹ድምፁን ብቻ ስማ› የሚል ሻጭ ሲያጋጥም አለመስማማት ይገባል። ሲነሳ ከኋላው በኩል ቀጭን የውሃ ጅረት መውጣት አለበት፤ ይህ ፓምፑ እየሠራ ለመሆኑ ምልክቱ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ አስሮጥነው፤ የሚወጣው ውሃ ለእጅ ሞቅ ያለ እንጂ የማይፋጅ ሆኖ ቆየ፣ ማርሹም ወደ ፊትና ወደ ባዶ ያለ ግጭት ገባ። ካጠፋነው በኋላ ካንዴላውን ፈትቼ አየሁት፤ ቡናማ ቀለም የያዘ ደረቅ ጫፍ ደኅና ቃጠሎን ያሳያል፣ ጥቁርና እርጥብ የሆነው ደግሞ ቤንዚን መብዛቱን ወይም ዘይት መግባቱን። የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካ መሣሪያም ይዤ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ትናንሽ ባለ አራት ምት ሞተሮች ገመዱ ሲጎተት ግፊቱን የሚያቃልል ዘዴ ስላላቸው መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩን ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ማነጻጸር እንጂ በመኪና ልክ መገመት አይገባም።

ከገዛሁ በኋላ ወደ ውሃ ከመውጣቴ በፊት የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ የፓምፑን ኢምፔለር፣ ማለትም ውሃ የሚገፋውን ባለ ክንፍ ጎማ መቀየር ነበር። ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሻጩን ሳይጠይቅ ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ጎማው ሞተሩ ባይሠራም እንኳ በአንድ አቅጣጫ ታጥፎ ሲቀመጥ ይደርቃል፤ ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ መቀየሩም ልማድ መሆን አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የማርሽ ማያያዣውን ለይቶ የእግሩን ብሎኖች ከፈቱ በኋላ የታችኛው ክፍል ወደ ታች ይሳባል፣ ፓምፑም ከላዩ ተቀምጦ ይገኛል። አሮጌው ጎማ ከክንፎቹ አንዱ ጎድሎት ከተገኘ የጎደለው ቁራጭ መፈለግ አለበት፤ ወደ ላይ ተገፍቶ የውሃውን መንገድ ወይም ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት እያየ ለማቀዝቀዣው ውሃ የሚከፍተውን መዝጊያ) ሊዘጋ ይችላልና። አዲሱን በሳሙና ውሃ አርሶ፣ ከሞተሩ ራስ ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚወርደውን ዘንግ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞሩ ሽፋኑን መጫን ክንፎቹ በትክክል እንዲታጠፉ ያደርጋል። በዘንጉ ጥርሶች ጎን ስስ ግሪስ ይቀባል እንጂ ጫፉ ላይ አይደረግም፤ እዚያ የተጠራቀመ ግሪስ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይከለክለዋል።

የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ስቀይር የምሞላው ከታች ነው። የላይኛውን ብሎን ፈትቶ፣ ዘይቱን በታችኛው ቀዳዳ እየገፉ በላይኛው እስኪፈስ መሙላት አየር እንዳይቀር ያደርጋል፤ ከላይ የሚሞላ ሰው ግን ግማሹን በአየር ሞልቶ የጨረሰ ይመስለዋል። የብሎኖቹ ጓርኒሲዮኖች ዋጋቸው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ በየጊዜው አዲስ አደርጋለሁ። የሞተሩ ዘይት እንደ አምራቹ መመሪያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል። መጠኑን የማየው ሞተሩ ቀጥ ብሎ በቆመበት ነው። ለረጅም ጊዜ በዝግታ ብቻ የሚሠራ ሞተር ሳይሞቅ ስለሚቀር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ የዘይቱ ልክ ከፍ ብሎ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። ባለ ሁለት ምት የገዛ ሰው ደግሞ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ለጀልባ ሞተር የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት ማለት በሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቆዩ ሞተሮች ግን በ25 እጅ አንድ፣ ማለትም እጥፉን ሊፈልጉ ይችላሉ።

ትናንሽ ሞተሮች እንቢ የሚሉበት ዋና ምክንያት ያረጀ ቤንዚን ነው። በካርቡሬተሩ ውስጥ በዝግታ ለመሄድ የሚያገለግለው ቀዳዳ ከመርፌ የቀጠነ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ተኖ የሚተወው ሙጫ በቀላሉ ይደፍነዋል። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ ከኢታኖሉ ጋር ተለይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ሞተሩም የሚጠጣው ያንኑ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እገዛለሁ፣ የቆየውን ሞተር ውስጥ አልጨምርም፣ ለሳምንታት የማልጠቀምበት ከሆነም የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ በማፍሰሻ ብሎኑ በኩል አራግፈዋለሁ። የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ ሞተሩ ራሱ ጨርሶት እስኪጠፋ መተው ጥሩ ቢሆንም ከታች ጥቂት ይቀራል፤ በብሎኑ ማፍሰስ ግን ያደርቀዋል።

ጨዋማ ውሃ ላይ ከተሠራበት በኋላ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ አሥር ደቂቃ ያህል ማስሮጥ አይታለፍም፤ ጨው በቀጭኑ የማቀዝቀዣ መንገድ ደርቆ ከተጋገረ በቀላሉ አይወጣም። በእግሩ ላይ የተገጠመው አኖድ ራሱ እየተበላ የሞተሩን የአሉሚኒየም አካል ከመበላት የሚያተርፍ የብረት ቁራጭ ነው። ለጨው ውሃ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም፣ ለጨው አልባ ውሃ ማግኒዚየም ይመረጣል፤ ግማሹ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ቀለም ግን ፈጽሞ አይቀባም፤ የተቀባ አኖድ ምንም አያድንምና። በአሉሚኒየም ውስጥ የገባ የማይዝግ ብረት ብሎን ደግሞ ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ አልፈታም ይላል፤ ስለዚህ የፈታሁትን ብሎን ሁሉ ጥርሱን ግሪስ ቀብቼ ነው የምመልሰው።

ከጀልባው የማይለየው ከረጢቴ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ የማስነሻ ገመድና የፕሮፔለሩን ፒን ይዟል። ይህ ፒን ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሾቹን ለማትረፍ ሲል እንዲሰበር ተብሎ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው፤ በእሱ ቦታ ምስማር ወይም ጠንካራ ብረት መክተት ቀጣዩ ድንጋይ ማርሹን እንዲሰብር መፍቀድ ነው። ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ሁልጊዜ ከአካሌ ጋር ይታሰራል፤ ከጀልባ የወደቀን ሰው ነጂ የሌለው ጀልባ ዞሮ ሊመጣበት ይችላል። ሞተሩን ከኋላ ሰሌዳው ጋር የሚይዙትን የማጥበቂያ ብሎኖች ጉዞ ከጀመርኩ ጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና አጠብቃቸዋለሁ፣ ሞተሩንም በተጨማሪ ገመድ ከጀልባው ጋር አስረዋለሁ፤ ንዝረት ያላላው ሞተር ውሃ ውስጥ የቀረበት ሰው ጥቂት አይደለም። ተንቀሳቃሽ የቤንዚን ጋን ከጀልባው ወርዶ መሬት ላይ ይሞላል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ይጠራቀማልና።

ለረጅም ጊዜ ሳስቀምጠው በመጀመሪያ ቀጥ አድርጌ አቆመውና ውሃው ሁሉ ይንጠፈጠፋል። ባለ አራት ምት ሞተር የሚጋደመው አምራቹ ምልክት ባደረገበት ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን ከተኛ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ራሱም ከእግሩ ዝቅ ማለት የለበትም፤ በእግሩ የቀረ ውሃ በጭስ መውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ሊወርድ ይችላል። ካንዴላውን ፈትቼ ጥቂት ጠብታ ዘይት ከጨመርኩ በኋላ ገመዱን በዝግታ እየሳብኩ ዘይቱን በሲሊንደሩ ግድግዳ አሰራጨዋለሁ፣ ካንዴላውንም እመልሳለሁ። የማርሽ ሳጥኑን ዘይት የምቀይረውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ውሃ ገብቶ ከሆነ ማርሾቹና ኩሽኔታዎቹ ለወራት ውሃ ውስጥ ተቀምጠው እንዳይዝጉ፣ የሚቀየር ፓራዮሊዮ ካለም ለማዘዝ ጊዜ እንዲኖር።