ያቺ ጎራዴ

ሌባ ተብዬ የማውቀው አንዴ ብቻ ነው። ያውም ዴድማይንስ የሚባል የጨዋታ ዋሻ ውስጥ።

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ክላሲክ የሚባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ነሐሴ 2011 ላይ ተከፍቶ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ ወርሃዊውን ትከፍልልኛለች፣ እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አውሮፓ ሰርቨር ላይ እጫወታለሁ። ገጸ ባህሪዬ አዳኝ ነበር፤ በቀስት የሚወጋ፣ አውሬ የሚያስከትል።

ዋሻው የሚገባው በአምስት ሰው ነው። ታንክ የሚባለው ተጫዋች ፊት ቆሞ የጠላትን ዱላ ይችላል፣ ሂለሩ ያክማል፣ ሦስታችን እንመታለን። ቫንክሊፍ የሚባለውን የመጨረሻውን አለቃ ስንጥል አንዲት ጥሩ ጎራዴ ወደቀች። «ኒድ» የሚጫን ሰው «ትጠቅመኛለች» ማለቱ ነው፣ «ግሪድ» የሚል «ሌላ ፈላጊ ከሌለ እኔ ልውሰዳት» ማለቱ። ኒድ ላሉት ከ1 እስከ 100 ዕጣ ይወጣል። እኔ ኒድ አልኩ። ጎራዴ መያዝ እችላለሁ አይደል? 94 ወጣልኝ። ለታንኩ 31።

ቻቱ ነደደ። «ኒንጃ!» አሉኝ፤ በተጫዋች ቋንቋ ሌባ ማለት ነው። ዕጣ ደርሶኝ እንዴት ሌባ እባላለሁ ብዬ ተናደድኩ። ታንኩ ግን አልተሳደበም። በግል ጻፈልኝ፦ «አንተ የምትገድለው በቀስትህ ነው። እኔ ያለ ጎራዴ ምንም ነኝ።» መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። የወሰድኩትን ዕቃ አብረውኝ ለነበሩት በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መስጠት እንደምችል ያወቅኩት በሳምንቱ ነው።

ያኔ ክላሲክ ላይ ቡድን የሚያገናኝልህ ማሽን የለም። በቻት ትጣራለህ፣ የሚመጡት የሰርቨርህ ሰዎች ናቸው። ሰፈር በለው። በማግስቱ ማታ አንድ ቡድን ሊያስገባኝ ካለ በኋላ «ያ አዳኝ አንተ ነህ?» ብሎ ዝም አለ።

አፍሬ ሌላ ገጸ ባህሪ ከፈትኩ፤ ቄስ፣ ሂለር። ያልገባኝ ሁሉ የገባኝ እዚያ ነው። የሂለር ማና፣ ማለትም የማከሚያ ጉልበቱ፣ ያልቃል። ሲያልቅ ቁጭ ብለህ ውኃ ትጠጣለህ፣ እስኪሞላ ትጠብቃለህ። አንዱ ችኩል ግን ሳይጠይቅ ሮጦ ሌላ መንጋ ይቀሰቅሳል። ሁላችንም እንሞታለን። ከዚያ «ሂለሩ ምን ይሠራል?» ይባላል! የአዳኝ አውሬ ደግሞ ማጉረምረሙ ካልጠፋ ጠላቱን ከታንኩ ላይ ይነጥቃል። እኔ ስንት ሰው በዚያ እንዳስለቀስኩ እግዜር ይወቀው። አሁን አለቃ ጋ ከመግባታችን በፊት ማናዬ ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ፣ አዳኙንም «አውሬህን ዝም አሰኝልኝ» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ሲነገረው ይሰማል። ያልተነገረው ነው የሚያጠፋው።

የኛ አገር ጣጣ መብራት ነው። መጀመሪያ አካባቢ በውጊያ መሃል መብራት ይሄድና እጠፋለሁ፣ ቡድኑ አራት ሆኖ ያልቃል፤ ተመልሼም ምንም አልልም ነበር። አሁን ሳልገባ «እዚህ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ድንገት ከጠፋሁ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ» እላለሁ። አንዱ «ሂሳብ አልከፈልክም እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል። እናቴ ቡና ደርሷል ስትል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «እማዬ፣ ይሄ አይቆምም፣ አራት ሰው ይጠብቀኛል» አልኳት አንድ ቀን። «ታዲያ እነሱንም ጥራቸዋ» አለችኝ።

ባለፈው ዴድማይንስ ውስጥ አንድ አዲስ አዳኝ ያችኑ ጎራዴ ኒድ ብሎ ወሰዳት። ሌሎቹ ስድቡን ሳይጀምሩ በግል ጻፍኩለት፤ ለታንኩ ለምን እንደምትሻል፣ የ2 ሰዓት ጊዜ እንዳለው፣ እንዴት እንደሚሰጣት። ትንሽ ቆይቶ ታንኩ አጠገብ ቆመ፣ ሰጣት። ከእሱ በፊት የነገርኩት ልጅ ደግሞ ሰድቦኝ ነው የወጣው።